ድሮን የሚያመሰግን ወፍጮን ይጠይቅ

የሰው ልጅ ጠባዩ ያለፈውን ማመስገን፣ የያዘውን መናቅ ነው። በልጅነቱ የበላው ቆሎ ጐልምሶ ከሚበላው ፍሪዳ ይልቅ ይጣፍጠዋል፤ የተወለደበትም ጎጆ ዛሬ ካሠራው ቤት ይልቅ ይናፍቀዋል። ይህ የልብ ነገር ነውና የሚነቀፍበት ሰው የለም። ዳሩ ግን ናፍቆት ፍርድ የሆነ እንደ ሆነ፣ ይኸውም «የጥንቱ ኑሮ ከዛሬው ይበልጣል» ተብሎ በየሰንበቴውና በየማኅበሩ የተነገረ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ምስክር የሚያሻው ክርክር ይሆናል።

ይህ ክርክር ዘወትር የሚቆመው በሦስት ምሰሶ ነው። አንደኛው «የጥንት ሰው ንጹሕ እህል ይበላ ነበር» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዕድሜው ረዥም ነበር» የሚል ነው። ሦስተኛው «በሰው መካከል ፍቅር ነበረ» የሚል ነው። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ የተማረና የከበረ ሰው ነው፤ አነጋገሩም ያማረ ስለ ሆነ ሰሚው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው» ይላል። ነገር ግን የሙሴ ሕግ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዛል እንጂ በንግግር ማማር እንዲጸና አያዝም።

ስለ ጥንቱ ኑሮ እስካሁን ቃሉ የተሰማው ምስክር አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እርሱም ከገበታው ፊት ተቀምጦ የበላው ነው። ከገበታው በስተኋላ ቆማ ያበላችው ግን ቃሏን የሰጠችበት ሸንጎ የለም። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የንጉሡን ዘመቻ ጻፈ፤ ከባሕር ማዶ የመጣው መንገደኛ የግብሩን ስፋት ጻፈ፤ የእንጀራው ዱቄት በማን ጕልበት እንደ ተፈጨ አተኵሮ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ የጥንቱና የዛሬው ኑሮ ልዩነት በእውነት ይመርመር ከተባለ፣ መመርመሪያው ቤተ መንግሥቱ ወይም የጦር ሜዳው አይደለም፤ የድንጋይ ወፍጮው ነው።

የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት፣ ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ የአንድ ገበሬ ሚስት ቀኗን የምትጀምረው በሌሊት ነበር። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ከወፍጮው ፊት ትንበረከካለች፤ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ትገፋዋለች፤ ወደ ኋላም ትስበዋለች። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ናትና እስክትልም ድረስ በዚያው ድንጋይ ላይ ደጋግማ ታመላልሳታለች። ለአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ የሚበቃ ዱቄት ቋቱ ውስጥ እስኪጠራቀም ድረስ ብዙ ሰዓት ያልፋል፤ ወገቧ ይጐብጣል፤ መዳፏ ይሻክራል። ወፍጮውም እየለሰለሰ እህል አልፈጭ ያለ ጊዜ ሌላ ድንጋይ አንሥታ ትወቅረዋለች። በየሌሊቱ የምታንጐራጕረው የወፍጮ እንጉርጉሮ ከደስታ የተወለደ ዜማ አይደለም፤ እንቅልፍን ማባረሪያና ብሶትን ማስተንፈሻ ነበር እንጂ።

ወፍጮው ሲያበቃ ሥራው አያበቃም። እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ ሞልታም ዳገቱን ትወጣለች። እንጨት ትለቅማለች፤ እንጨት የጠፋ እንደ ሆነ ኩበት ትጠፈጥፋለች። የጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ ምጣዱን ጥዳ ዓይኗ እያነባ ትጋግራለች። ጌሾውን ትወቅጣለች፤ ጠላውን ትጠምቃለች፤ ልጁን ታጠባለች። ማታም ሰው ሁሉ ሲያርፍ እንዝርቷን አንሥታ በእሳቱ ብርሃን ጥጥ ትፈትላለች። «የጥንት ሰው ሌሊቱን በጸጥታ ያርፍ ነበር» የሚል ሰው፣ ከዚያ ቤት ያረፈው ማን እንደ ነበረ አስቀድሞ ይናገር።

ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከመጻሕፍት ወገን ምስክር የሚፈልግ ካለ ሩቅ አይሄድም። ኦሪት ዘፀአት የግብፅን በኵር ሞት በተናገረ ጊዜ ከላይኛው እስከ ታችኛው ሰው ድረስ ሲቈጥር፣ በላይ በዙፋን የተቀመጠውን ፈርዖንን፣ በታች ደግሞ ከወፍጮ በስተኋላ ያለችውን ገረድ አኖረ። ከእርሷ ዝቅ ያለ ሰው አላገኘምና። ፍልስጥኤማውያንም ሶምሶንን ዓይኑን አጥፍተው ባሰሩት ጊዜ ለውርደቱ የመረጡለት ሥራ በግዞት ቤት መፍጨት ነበር። ለጠላት ቅጣት የተሰጠው ሥራ በየቤቱ የሚስትና የእናት የዘወትር ዕጣ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ዘመን «የዕረፍት ዘመን» ብሎ መጥራት ማስተዋል የጐደለው አነጋገር ነው።

ደግሞ የአገር ታላቅ ነገር ሁሉ በዚያ ድንጋይ ላይ የቆመ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ያደረገው ሠራዊት ስንቁን ከሰማይ አልተቀበለም፤ ገንቦና መጅ ተሸክመው ተራራውን ሁሉ ከሠራዊቱ ጋራ የወጡ ሴቶች በየሰፈሩ እየፈጩና እየጋገሩ አብልተውታል። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የቆመው ተማሪም እንዲሁ ነው። ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን ያወቀው በአእምሮው ብርታት ነው፤ በሕይወት ቆይቶ ያወቀው ግን ከሌሊት ጀምራ የፈጨች አንዲት ሴት ከሌማቷ ቈርሳ ስለ ሰጠችው ነው። የጀግናው ስም ተጻፈ፤ የሊቁም ስም ተጻፈ፤ የፈጪዋ ስም ግን ከዱቄቱ ጋራ ተበላ።

አሁን ወደ ሦስቱ ምሰሶዎች መመለስ ይገባል።

«ንጹሕ እህል ይበላ ነበር» የሚለው አነጋገር በከፊል እውነት አለው። ዛሬ ቅቤን ከባዕድ ነገር፣ በርበሬን ከማይበላ ነገር ጋራ የሚደባልቅ ከሐዲ ነጋዴ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ይህም በሕግ መቀጣት የሚገባው ክፋት ነው። ነገር ግን በጥንቱም ዱቄት ውስጥ አዲስ ከተወቀረው ወፍጮ የረገፈ ደቃቅ ድንጋይ ነበረበት፤ የሽማግሌ ጥርስም ይህን ያውቀው ነበር። ከዚህም በላይ የጥንቱን ገበታ የሚያመሰግኑት ሰዎች ገበታው ምን እንደ ነበረ አልጠየቁም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የተገኘ ተክል ስለ ሆነ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ወጥ ውስጥ አልነበረም። በቆሎም እንዲሁ ከዚያው ምድር የመጣ ነው፤ ድንችም የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ቡናም ቢሆን በክርስቲያኑ ቤት እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። እንግዲህ ሦስተኛውን ስኒ እየጠጣ፣ ቀዩን ወጥ እያወጣ «እንደ ጥንቱ ምግብ የለም» የሚለው ሰው፣ ጥንት የሚለው የአያቱን ቤት ነው እንጂ የጥንቱን ዘመን አይደለም።

የእህሉ ንጽሕና ይቅርና መገኘቱም ዋስ አልነበረውም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። አንበጣ ያረፈበት አገር እንዴት ባዶ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም ልጁን ይዞ እንዴት እንደሚሰደድ መስክሯል። ታላላቆቹ ሰዎች የገበሬውን ሀብት ባይቀሙት ኖሮ አገሩ ከዚህ ይልቅ ብዙ እህል በሰጠ ነበር ሲልም አመልክቷል። ነገ የሚወሰድበት ሰው ለዛሬ ብቻ ያርሳልና። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሁሉ በፈጀው ጊዜ መሬቱ ጦም አደረ፤ ክፉ ቀን የተባለውም ረኃብ ተከተለ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ሕዝቡን አደፋፈሩ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የሚላክ እህል፣ የሚላክበትም መንገድ አልነበረም። ያ የከብት በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል።

በዛሬው ዘመንም ረኃብ አልቀረም፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የሆነው አይረሳም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። በጥንቱ ዘመን ረኃብ የሰማይ ቍጣ ተብሎ በዝምታ ይቀበሩበት ነበር፤ በዛሬው ዘመን ግን እህል ሳለ፣ መንገድ ሳለ፣ ወሬ ሳለ ሰው በራብ ቢሞት «ማን አስቀረው?» ተብሎ ሹም ይጠየቅበታል። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ መደበቁ ዘውድን ከጣሉት ነገሮች አንዱ ሆኗል። መጠየቅ የተቻለበት ዘመን መጠየቅ ካልተቻለበት ዘመን ይሻላል።

«ዕድሜው ረዥም ነበር» የሚለውም ቢሆን ቈጠራው የተሳሳተ ነው። ዘጠና ዓመት የኖረው ሽማግሌ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ስለ ታየ ተቈጠረ፤ ክርስትና ከተነሡ በኋላ ዓመት ሳይሞላቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር የተቀበሩት ወንድሞቹና እኅቶቹ ግን ስላልታዩ አልተቈጠሩም። ለዚህ ምስክር የሚሆን የኢትዮጵያ ሰው ስም ራሱ አለ። ምትኩ፣ ካሣሁን፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ የሚባሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ የወጡት ከሞተ ልጅ በኋላ ለተወለደ ልጅ ነው። እናቲቱ አንዱን ቀብራ ሌላውን ስትታቀፍ የጠራችው ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም በአገሩ ሁሉ መብዛቱ፣ ኀዘኑ በአገሩ ሁሉ የበዛ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከዚህም ኀዘን ንጉሥና ድኻ አይለዩም ነበር። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ ፈንጣጣ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ገብቶ ልጆቹን አስተኝቶ ነበር። ወርቅና ዙፋን፣ ግንብና ዘበኛ ያለበት ቤት ከዚህ በሽታ ለመዳን ከጎጆው የተሻለ መሣሪያ አልነበረውም፤ የብሩስም ሕክምና በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፣ ቤቱንም ዕጣንና ከርቤ ማጠን ነበር። ዛሬ ያ በሽታ የለም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። አንዲት የገጠር እናት ዛሬ ልጇን በጤና ጣቢያ ስታስከትብ፣ እቴጌይቱ በሀብታቸው ሁሉ ሊገዙት ያልቻሉትን ነገር ያለ ዋጋ ታገኛለች።

የቀረው ሦስተኛው ምሰሶ ነው፤ «ፍቅር ነበረ» የሚለው። ይህ ከሁሉ የከበረ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ደቦውና ወንፈሉ፣ ማኅበሩና ሰንበቴው፣ ለመንገደኛ እግር ማጠቡ ሁሉ እውነተኛ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር መታወቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ፍቅሩን ያደረጉት ሰዎች ናቸው እንጂ ችግሩ አይደለም። ወፍጮው ድንጋይ ባይሆን ኖሮ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠላ ነበር የሚል ማስረጃ የለም። ይልቁንም ሰው ወደ ከተማ ገብቶ ከዘመዱ በተለየ ጊዜ በ20ኛው መቶ ዘመን ዕድርን አስፋፍቶ የማያውቀውን ሰው ሬሳ እንደ ወንድሙ ሬሳ መቅበር ጀመረ። ፍቅር ከአዲሱ ኑሮ ጋራ አዲስ መንገድ ማግኘቱን ዕድር ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ያ ፍቅር ከማን ጀምሮ እስከ ማን ይደርስ እንደ ነበረ መጠየቅ አለበት። በባለጸጋው ቤት ከወፍጮው በስተኋላ የምትንበረከከው ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ አልነበረችም፤ በገንዘብ የተገዛች ወይም በጦር የተማረከች ባሪያ ነበረች እንጂ። የእርሷ እናት በሩቅ አገር ታለቅስ ነበር፤ እርሷም በዚያ ፍቅር ሞላበት በተባለው ቤት ውስጥ ከዕቃ ጋራ ትቈጠር ነበር። ባርነትን በሕግ ፈጽሞ ያስቀረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የጥንቱን ፍቅር የሚያወሳ ሰው በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡትን ብቻ ቈጥሮ፣ ገበታውን ያመጣችውን ሳይቈጥር ቢቀር፣ ያ ምስጋና እውነት አይሆንም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንደ ተባለው ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የጥንት ሰዎችን የሚንቅ ሰው ደስ ሊለው አይገባም። በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ተወልዶ፣ በእጁ ስልክ ይዞ «የድሮ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ነበሩ» የሚል ጐልማሳ ከመጀመሪያው ተናጋሪ ይልቅ ስሕተተኛ ነው። መብራቱን እርሱ አልሠራውም፤ ክትባቱንም እርሱ አላገኘውም። እነዚያ ሰዎች በጧፍ ብርሃን ብራና ፍቀው ጻፉ፤ በመሮና በመዶሻ ዐለት ፈልፍለው ላሊበላን አነጹ፤ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተው አገር አቆሙ። በጥቂት መሣሪያ ብዙ የሠራ ይከበራል፤ በብዙ መሣሪያ ጥቂት የሚሠራ ግን የሚመካበት የለውም። የሚገባው ሰዎቹን ማክበር፣ ሸክማቸውን ግን አለማክበር ነው። ሰውን አክብሮ ሸክሙን የሚያወርድለት እውነተኛ ልጅ ነው፤ ሸክሙን እያመሰገነ ሰውየውን ከሥሩ የሚተወው ግን ልጅ አይባልም።

ጥንት አልፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ የሽማግሌዎች ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ጥንት አላለፈም። ከከተማው ጥርጊያ መንገድ ወርዶ ጥቂት ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ሰው ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተጕዞ ይገኛል። በዚያ ዛሬም እንስራዋን ወይም የላስቲክ ጀሪካኗን አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ አለች። በሞተር የሚዞረው ወፍጮ የሌሊቱን ሥራ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ነገር ግን እርሱ ወዳለበት መንደር እህሏን ተሸክማ ግማሽ ቀን የምትሄድ፣ ያም ያልተቻላት እንደ ሆነ ዛሬም በመጅ የምትፈጭ ሴት አለች። ያችም ልጅ ውኃው ሲቀዳ ትምህርቱ ስላለፈባት ደብተሯ ባዶ ነው። የከተማ ሰው «ድሮ» ብሎ የሚናፍቀው ነገር ለእርሷ የዛሬ ማለዳ ነው።

እርሷን ለማየት ሩቅ መንገድ መሄድ የማያሻበትም ቤት ብዙ ነው። በከተማ እንግዶች ተሰብስበው የጥንቱን ኑሮ በሚያመሰግኑበት እልፍኝ፣ የእጅ ውኃ አስታጥባ፣ ሌማቱን አቅርባ፣ በጓዳው በር ተመልሳ የምትቆመው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከዚያ ከሚመሰገነው ኑሮ አምልጣ የመጣች ናት። የልጅነቷ ዘመን በወፍጮና በእንስራ አልቋል። ከእንግዶቹ መካከል ስለ ጥንት ለመመስከር የሚገባት እርሷ ብቻ ሆና ሳለች፣ አንድም ሰው ዘወር ብሎ አይጠይቃትም። ብትጠየቅም ምናልባት የምትመልሰው ቃል ያንን ጨዋታ ያቀዘቅዘው ይሆናል።

እንግዲህ ድሮን ማመስገን ንጹሕ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ የሚከፍልበት ሰው አለ። ችግርን እንደ በጎ ልማድ አድርጎ የሚያመሰግን ከተማ፣ ችግሩን ለማስወገድ እጁ የዘገየ ይሆናል። «የእናቶቻችን ሙያ ቀረ» እያለ የሚያዝን ሰው፣ ለገጠሩ ወፍጮ ይተከል፣ ምንጩ ይጐልብት ሲባል ገንዘቡን ለማውጣት አይቸኩልም። መጽሐፈ መክብብም በ7ኛው ምዕራፍ ያለፈው ዘመን ከአሁኑ ለምን ተሻለ ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ጥያቄው ከጥበብ የወጣ አይደለም ሲል ይገሥጸዋል።

ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያዋጣ ሰበካ ለምንጭ ማዋጣት አይሳነውም። በስብከቱ የሚደመጥ ካህን፣ ልጁን ከውኃ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እንዲልክ አባትን መምከር አይሳነውም። ባለ እልፍኙም ቢሆን፣ በጓዳው ያለችው ልጅ ማታ ፊደል እንድትቈጥር ሁለት ሰዓት መስጠት አያደኸየውም። ይህን ያደረገ ሰው ጥንትን ሊያመሰግን መብት አለው፤ ከጥንት መልካሙን ይዞ ክፉውን ስለ ጣለ። ይህን ያላደረገ ግን አስቀድሞ ከወፍጮው ፊት ይንበርከክና አንዲት ሌሊት ይፍጭ። ንጋት ላይ ወገቡን ይዞ ሲነሣ ስለ ጥንቱ ኑሮ የሚናገረው ቃል የታመነ ምስክርነት ይሆናል።